የባዘነውን ወደ ባለቤቱ ስለ መመለስ

ዓምና በፍልሰታ ሱባዔ፥ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጬ ሳለሁ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሚዛን የጭነት መኪና እየነዳ የሚመላለስ አንድ ምእመን ቀርቦ መስቀል ተሳለመና «አባቴ፥ አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለኝ፤ ጽድቅ ሠርቼ እንደ ሆነ ወይም ኃጢአት ሠርቼ እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ» አለኝ። ነገሩን የነገረኝ በምስጢረ ንስሐ ሳይሆን ብዙ ሰዎች እየሰሙ ነው፤ ለሌላው ትምህርት የሚሆን ከሆነ ይጻፉት ብሎም ፈቅዶልኛል። አለዚያማ እዚህ ባላነሣሁት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦንጋ አልፎ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፥ ደኑ ከግራና ከቀኝ በሚጠጋበት ስፍራ፥ ሦስት ልጆች አንዲት የጉሬዛ ግልገል በገመድ አስረው ለአላፊ አግዳሚው ከፍ አድርገው ሲያሳዩ አገኘ። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ግልገሉ ግን ሲወለድ መላ አካሉ ነጭ ነው፥ ጥቁሩ የሚመጣው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ያች ግልገል ነጭ ነበረችና ከተወለደች ገና ብዙ ቀን አልሆናትም ማለት ነው። ሾፌሩ ድምፅዋን ሰምቶ አንጀቱ ተላወሰ፤ የጠየቁትን ገንዘብ ሳይከራከር ከፍሎ፥ በጋቢው ጠቅልሎ፥ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሚስቱም የላም ወተት በጡጦ እያደረገች አጠባቻት። ነገር ግን ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ የሆዱም አሠራር እንደ ሌላው ጦጣ አይደለም። በስምንተኛው ቀን ሞተች። ሾፌሩም አልቅሶ በጓሮው ቀበራት። በሦስተኛው ሳምንት በዚያው መንገድ ሲያልፍ እነዚያው ልጆች በዚያው ስፍራ ቆመው ነበር፤ በእጃቸውም የያዙት አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር።

«አባቴ» አለኝ፥ «ለመጀመሪያይቱ የከፈልሁት ገንዘብ የእነዚህን የሁለቱን እናቶች አስገደለ ይሆን?»

ያን ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና ደካማ ነበር። በርኅራኄ ያደረግኸው ነው፥ እግዚአብሔር ያሰብኸውን ያውቃል፥ ብዬ አሰናበትሁት። እርሱም እጅ ነሥቶ ሄደ፤ ፊቱ ግን መልሴን እንዳልተቀበለ ይናገር ነበር፥ አለመቀበሉም ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለ መጻሕፍትን እያገላበጥሁ፥ ስለዚህ ንግድ የሚያውቁትንም ሰዎች እየጠየቅሁ ቈየሁ። የሚከተለው ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው።

በእኛ አገር ደን ዳር የልጆች ሥራ መስሎ የሚታየው ነገር በመካከለኛው አፍሪካ፥ በካሜሩንና በጋቦን፥ በሁለቱም ኮንጎዎች ታላቅ የዝናም ደን ውስጥ፥ የታወቀ ንግድ ነው። እንዴት ነው ቢሉ፥ ዕንጨት የሚያወጡ ኩባንያዎች ደኑን በመንገድ ይከፍቱታል፤ በተከፈተው መንገድ አዳኝ ይገባል፤ አዳኙም ሥጋ ለመሸጥ ጎሪላውን ቺምፓንዚውንም ይገድላል። እናቲቱ ስትወድቅ በደረቷ ላይ ተጣብቆ የሚገኘው ግልገል ለሥጋ አይበቃምና በሕይወቱ ይሸጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገዢው አስቀድሞ ያዝዛል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ግልገሉ ራሱ ነው፥ እናቲቱም የምትገደለው ልጇን አሳልፋ ስለማትሰጥ ብቻ ነው። የጎሪላ መንጋ ስለ ልጁ ይከላከላል። ስለዚህ አንድ ግልገል በሣጥን ተከቶ ሲገኝ በደኑ ውስጥ ከአንድ በላይ ሬሳ ወድቆ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይገባል።

ከአራዊቱ ሌላ ወፉም አለ። ግራጫው በቀቀን፥ ጅራቱ ቀይ የሆነው፥ የሰውን ንግግር ቀድቶ የሚመልሰው፥ መኖሪያው በዚሁ ደን ነው። ወጥመደኞቹ አንድ የለመደ በቀቀን በዛፍ ላይ አስረው ያስጮኹታል፤ ዘመዶቹ ድምፁን ሰምተው ሲመጡ በቅርንጫፉ ላይ የተቀባው ሙጫ ይይዛቸዋል። የክንፋቸው ላባ ይቈረጣል፤ ተጨናንቀው በሣጥን ይታጐራሉ፤ ብዙዎቹም ከገዢ ዘንድ ሳይደርሱ ይሞታሉ። (ያን ታስሮ የሚጣራውን ወፍ ይሁዳ ብለው ሊሰድቡት የሚከጅላቸው ይኖራሉ፤ እኔ ግን አልላቸውም፤ እርሱ ራሱ እስረኛ ነውና።)

በዐረብ አገር በሰው ቤት ብዙ ዓመት አገልግላ የተመለሰች አንዲት እኅት፥ የእመቤቷን በቀቀን ጎጆ ስታጸዳ እንደ ኖረች አጫውታኛለች። ወፉ የእርሷን ሳል ቀድቶ ያስል ነበር አለች። አንድ የአማርኛ ቃል አስተምራዋለች፤ ቃሉም «እንሂድ» የሚል ነው። እርሷ መጣች፤ እርሱ በዚያው ቀረ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በመጥፋት ላይ ስላሉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የሚወስነው የመንግሥታት ስምምነት በ1965 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1967 ዓ.ም. ጸንቷል፤ አገራችንም በ1981 ዓ.ም. ገብታበታለች። ግራጫውንም በቀቀን በመስከረም 2009 ዓ.ም. በዮሐንስበርግ የተሰበሰበው ጉባኤ ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ጋር ቈጥሮታል። ይሁን እንጂ የሕግ ዘበኛ የሚቆመው በኬላ ነው፤ ምኞቱ የሚኖረው በቤት ውስጥ ነው፥ በዚያም የሚመረምረው የለም።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ወፍ ጎጆ ያዘዘው ትእዛዝ አለ፤ ትንሽ ስለሚመስል ሰባኪ ሁሉ እያለፈው ይሄዳል። መንገደኛ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አንድ አድርጎ እንዳይወስድ፥ እናቲቱን ፈጽሞ እንዲለቅ ያዝዛል። የሚያስደንቀው የትእዛዙ ዋጋ ነው። ለዚህች ትንሽ ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ፥ የመልካም ኑሮና የረጅም ዕድሜ ተስፋ፥ አባትና እናትን ለማክበር ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ እናትነትን የሚያከብር በሰው ቤትም በወፍ ጎጆም ያከብራታልና። አንድም፥ እናቲቱ ከተረፈች ነገ ሌላ ትፈለፍላለችና ዘር እንዳይጠፋ ነው። የአራዊት ነጋዴ ግን ይህን ትእዛዝ ገልብጦ ይዞታል፤ ሙሴ እናቲቱን ልቀቅ ሲለው እርሱ እናቲቱን ገድሎ ልጇን ይወስዳል።

እንግዲህ የሾፌሩ ጥያቄ ግማሽ መልስ በዚህ አለ፤ መራራ ነው። ከግልገሏ ጋር የእናቲቱ ሞት አብሮ ተሽጦለታል። ርኅራኄው እውነት ነው፥ ገንዘቡም እውነት ነው፤ ልጆቹ የተቀበሉት ግን ገንዘቡን ነው። ነጋዴ የገዢውን ልብ አይመረምርም፤ በእንባ የተሰጠው ብርና በሣቅ የተሰጠው ብር በገበያ እኩል ይመነዘራል። ሕፃኑን የሚያጫውትበት ጦጣ የፈለገ ባለጸጋና ከሥቃይ ላድናት ያለ ደግ ሰው በደኑ ዳር ለቆመው ልጅ አንድ ገዢ ናቸው። ይህን ስጽፍ የሾፌሩን ልብ ለማቍሰል አይደለም፤ እኔም በስፍራው ብሆን ኖሮ ያደረገውን ባደረግሁ ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን ስለ መመለስ ነው። በዚያው በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፥ ከወፉ ጎጆ ትእዛዝ ጥቂት ከፍ ብሎ፥ ስለ ባዘነ በሬና በግ ተጽፏል። የወንድምህ ከብት ባዝኖ ብታገኘው እንዳላየ ሆነህ አትለፈው፤ ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ወይም ባታውቀው ወደ ቤትህ አስገብተህ አቈየው፤ ሲፈልገው ግን መልስለት፥ የሚል ነው ሐሳቡ። ብዙዎቻችን በመካከለኛው ላይ እንቆማለን። አስገብተን ካበላን፥ ካጠጣን፥ ስም ካወጣንለት በኋላ የእኛ ይመስለናል። ያበላሁት የእኔ ነው የሚል ሕግ ግን በኦሪት የለም። ማቈየቱ ለመመለስ ነው እንጂ ለመውረስ አይደለም።

የዱር አውሬ ባለቤቱ ማን ነው ቢሉ፥ እግዚአብሔር ኢዮብን በጠየቀው ጊዜ ተናግሮታል። የሜዳውን አህያ አርነት ያወጣው፥ ምድረ በዳውን ቤት አድርጎ የሰጠው ራሱ መሆኑን ለኢዮብ አስታወቀው። ስለዚህ የዱር አውሬ ባለቤት አለው፥ ቤትም አለው። ደን ማለት ባለቤት ያጣ መሬት አይደለም፤ በባለቤቱ ፈቃድ ሌሎች የሚኖሩበት ቤት ነው። አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አናብስትና ከስድሳ አናብርት ጋር እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል፥ ሥዕላቸውንም በየቤተ ክርስቲያኑ እናያለን። ልብ ያላልነው ነገር ግን አለ፤ አራዊቱ ወደ ጻድቁ ቤት ተስበው አልመጡም፤ ጻድቁ ናቸው ወደ አራዊቱ በረሃ እንግዳ ሆነው የሄዱት።

መመለስ እንዴት ያለ አስቸጋሪ ነገር እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በጥር 1994 ዓ.ም. አራት የጎሪላ ግልገሎች፥ አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች፥ ከናይጄርያ ተነሥተው በማሌዢያ አገር ታይፒንግ በምትባል ከተማ ወዳለው የአራዊት ማሳያ ተላኩ። ወረቀታቸው በሰው እጅ ውስጥ እንደ ተወለዱ ይናገር ነበር፤ ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በ1996 ዓ.ም. የማሌዢያ መንግሥት ግልገሎቹን ነጥቆ ላካቸው፤ ነገር ግን ወደ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ፥ ወደ ፕሪቶርያ፥ እንጂ ተነጠቁባት ወደ ተባለችው ወደ ካሜሩን አልነበረም። ካሜሩን የእኔ ናቸው ብላ ጠየቀች፤ ስለ እነርሱም ብዙ ሰዎች ተከራከሩ። በመጨረሻ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ወደ ካሜሩን ተመልሰው በባሕሩ ዳር፥ ከታላቁ የካሜሩን ተራራ ሥር፥ ሊምቤ ወዳለው የአራዊት መጠበቂያ ገቡ። ለመስረቅ ጥቂት ቀን የበቃው ነገር ለመመለስ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። ወደ አገራቸው ተመለሱ እንላለን እንጂ ያን ቀንም የገቡት ወደ መጠበቂያው ነው፥ ወደ ደኑ አይደለም።

ስለ ምን ወዲያው ወደ ደን አይለቀቁም? ለዚህ ከኖኅ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። መርከቢቱ አራዊቱን ሁሉ አዳነች፤ ነገር ግን መርከቢቱ ቤታቸው አልነበረችም። ኖኅ ውኃው ጎደለ ብሎ በሩን በርግዶ አላስወጣቸውም፤ አስቀድሞ ቁራውን ላከ፥ እርሱም የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ርግብን ሰደደ። ርግቢቱ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ ስትመለስ አልተቈጣትም፥ ለምን ተመለስሽ አላላትም፤ እጁን ዘርግቶ ወደ ውስጥ አገባት። ሰባት ቀን ቈይቶ ደግሞ ሰደዳት፥ ቅጠል ይዛ መጣች። ይህም ቅጠል አላስቸኰለውም፤ ሌላ ሰባት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ጊዜ አልተመለሰችም። በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ላበላት፥ በእጁ ላቀፋት ለኖኅ የደስታው ምልክት አለመመለሷ ነበረ። ከዚያም በኋላ ቢሆን እግዚአብሔር እስኪያዝዘው ድረስ አልወጣም፤ ሲያዝዘውም ለሰዎቹ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ያሉትን አራዊት ሁሉ አውጥቶ በምድር ላይ እንዲበዙ እንዲለቃቸው ነው። አራዊቱም በየወገናቸው ወጡ፤ አንድ አውሬ ለብቻው አልተጣለም።

በእኛ ዘመን ይህን የኖኅን ሥራ በትዕግሥት ከሠሩት አንዷ አሊየት ዣማር የተባሉ ፈረንሳዊት እመቤት ናቸው። በኮንጎ ብራዛቪል ይኖሩ ነበርና በየሰው ግቢ በሰንሰለት የታሰሩትን፥ በአራዊት ማሳያም የተጣሉትን እናት አልባ ቺምፓንዚዎች መሰብሰብ ጀመሩ። ቺምፓንዚ ሕፃን ሳለ እንደ ሰው ልጅ ይታቀፋል፤ ሲያድግ ግን ኃይሉ ከጐልማሳ ሰው ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ያሳደገው ሰው ይፈራውና በሰንሰለት ያስረዋል ወይም ይገድለዋል። እመቤቲቱ የሰበሰቧቸውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ፥ ኮንኩአቲ በሚባለው ስፍራ፥ በውኃ በተከበቡ ደሴቶች ላይ አኖሯቸው። ደሴት ስለ ምን ቢሉ፥ ቺምፓንዚ ዋና አያውቅምና ውኃው ያለ ብረት አጥር ይሆንለታል። በዚያም ዛፍ መውጣትን፥ ፍሬ መልቀምን፥ ማታ ማታ ቅርንጫፍ አጕብጦ መኝታ መሥራትን እርስ በርሳቸው ይማማሩ ጀመር፤ ከእናታቸው ጥቂት ቀስመው የመጡም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ደማቸውን መረመሩ። ይህ ነገር ለአንባቢው ትርፍ እንዳይመስለው። ከሰው ጋር የኖረ ቺምፓንዚ የሰውን የሳንባ ነቀርሳ፥ የሰውን ጉንፋን ወደ ደኑ ይዞ ቢገባ የዱሮቹን ሊፈጅ ይችላል። ወገናቸውም ተመረመረ፥ ከደኑ ቺምፓንዚዎች ጋር አንድ ዘር እንዲሆኑ። ደኑም ተመረመረ፥ ምግብ መኖሩን፥ ከአዳኝም መጠበቁን ለማወቅ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በኅዳር 1989 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ከደሴቱ ወጥተው ወደ ታላቁ ደን ገቡ። እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ የገቡት 37 ነበሩ፤ 10 ወንዶችና 27 ሴቶች። ጠባቂዎቹም ቺምፓንዚው ከመኝታው ሲነሣ ተነሥተው፥ ሲተኛ ተመልሰው፥ በእግራቸው ይከተሏቸው ነበር።

ምርኮኛ ሲመለስ አገሩ ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም። ከባቢሎን የተመለሱት አይሁድ በኢየሩሳሌም ዙሪያ ምን እንደ ገጠማቸው፥ በአንድ እጃቸው እየሠሩ በሌላው መሣርያ ይዘው ቅጥሩን እንዳነጹ በነህምያ ተጽፏል። በኮንኩአቲም የደኑ ወንዶች ቺምፓንዚዎች አዲስ የመጡትን ወንዶች እንደ ጠላት ቈጥረው ደበደቧቸው። ሴቶቹ ከዱሮቹ ጋር መቀላቀል ቀለል አላቸው፤ በተፈጥሮም ከመንጋ ወደ መንጋ የምትሄደው ሴቲቱ ናትና። ከዓመታት በኋላ ሲቈጠር ከ37ቱ 23ቱ በሕይወት መኖራቸው ታወቀ፤ 5ቱ መሞታቸው ተረጋገጠ፤ የቀሩት 9 ከዐይን ተሰወሩ። ከሴቶቹም በደኑ ውስጥ የወለዱ አሉ።

ስለ እነዚያ ዘጠኙ ብዙ አስቤአለሁ። ሞተው ይሆናል፤ ወይም ከዱር ዘመዶቻቸው ጋር ተቀላቅለው ሰው ወደማያያቸው ሄደው ይሆናል። የኖኅን ርግብ በሦስተኛው ጊዜ ተከትሎ ያየ ማን ነው? ሰብስቦ መያዝ የለመደች ልባችን ግን ይህን አትወድም። በጎ ሥራችን በዐይናችን ፊት ሆኖ እያመሰገነን እንዲኖር እንፈልጋለን። ድኻ ስንረዳም እንዲሁ ነን፤ ያበላነው ሰው ከደጃችን ርቆ በራሱ ቤት ራሱን ችሎ ሲኖር ደስ ከማለት ይልቅ ረሳን ብለን እናማዋለን። ይህን የምጽፈው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ያስተማርኋቸው ደቀ መዛሙርት ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሲሄዱብኝ የተሰማኝን አውቃለሁና።

የማይመለሱም አሉ። ጥርሱ የተሰበረ፥ ክንፉ የማይጠገን፥ ከሰው ጋር እጅግ ከመልመዱ የተነሣ ሰው ሲያይ ሸሽቶ በመሄድ ፈንታ እጁን የሚዘረጋ አውሬ ወደ ደን ቢገባ ወደ አዳኙ ሄደ ማለት ነው። እንደዚህ ያሉት በመጠበቂያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ፤ በአገራችንም በሆለታ አቅራቢያ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች የሚጦሩበት ስፍራ አለ። ይህ ምጽዋት ነው፥ መልካም ነው፤ መመለስ ግን አይደለም። ጉዳቱ በጊዜው ካልተከለከለ የቀረው ደግነት ሁሉ በሽተኛን እንደ ማስታመም ነው።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያየ አንድ ካህን ወንድሜ «የሰው ልጅ እየተራበ፥ እየተሰደደ፥ አንተ ስለ ዝንጀሮ ትጽፋለህን?» አለኝ። ንግግሩን አላቃለልሁትም፤ ከደጀ ሰላማችን የሚቀመጡትን ነዳያን እርሱም እኔም በየቀኑ እናያለን። ነገር ግን ምሕረት በማድጋ እንዳለ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጐድል ቢሆን ኖሮ የሰራፕታዋ መበለት ዱቄት ባለቀ ነበር። እግዚአብሔር ለዮናስ ስለ ነነዌ ሲናገር ግራና ቀኛቸውን ስለማይለዩት ሰዎች ከነገረው በኋላ የእንስሶቹን ብዛት ጨምሮ መጥቀሱ በከንቱ አይደለም። ሲራክም የሰው ምሕረት በባልንጀራው ላይ እንደሚወሰን፥ የእግዚአብሔር ምሕረት ግን ሥጋ የለበሰውን ሁሉ እንደሚደርስ ያስተምራል። መነኮሳቱ የሚያነቡት ማር ይስሐቅ የርኅሩኅ ልብ ምልክቱ ምንድን ነው ለሚለው ሲመልስ ከሰው ጀምሮ ወደ አራዊቱና ወደ አዕዋፉ ይወርዳል፤ ከዚያም አልፎ ሰይጣናትን ይጨምራል፥ ይህን አንብቤ የደነገጥሁበትን ቀን አልረሳውም። ደግሞም በዚህ ንግድ የሚበደለው አውሬው ብቻ አይደለም። ከደን ዳር ያለው አዳኝ ከሁሉ ያነሰውን ይቀበላል፤ ትልቁን ገንዘብ የሚቈጥረው ደኑን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ዝንጀሮውና ወፉ የበሉትን ፍሬ ዘር በየስፍራው የሚጥሉ የደን ገበሬዎች ናቸው፤ እነርሱ ሲያልቁ ታላላቆቹ ዛፎች ተተኪ ያጣሉ፥ ከዚያ በኋላ የሚጐዳው ያው ድኻው ነው። ወንድሜ ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ተስማማ ግን አልልም።

ሾፌሩ በዘንድሮው ፍልሰታ ደግሞ መጣ። ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርሁት። «ልጄ፥ ለሞተችው ንስሐ ግባበት፤ ከእንግዲህ ግን ለግልገል ገንዘብ አትስጥ፥ ብታለቅስም አትስጥ» አልሁት። ታስሮ የሚያየውን ለወረዳው የዱር እንስሳት ሹሞች እንዲያስታውቅ፥ ራሱ ነጥቆ ከመንገድ ዳር እንዳይለቅ፥ እናት የሌላት ግልገል ብቻዋን ብትለቀቅ ሌሊቱን አታልፍምና፥ ደግሞም የዚያን አጥቢያ ካህን ፈልጎ የልጆቹን ወላጆች እንዲያነጋግርለት መከርሁት። እርሱም «አባቴ፥ ይህስ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ከእኔ ገንዘብ ለምደዋል፥ እንዲያው አልፌአቸው ልሂድ?» አለኝ። ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር። ተነጋግረን ሳንጨርስ ራሱ መላ አገኘለት፤ ማርና ኮረሪማ ይገዛቸው ጀመር።

ባለፈው ወር አንድ ማሰሮ ማር ይዞልኝ መጣ። ሁለቱ ታናናሾች አሁን ማር ይዘው ይጠብቁታል። ታላቁን ልጅ ግን ከዚያ ስፍራ አላየውም፤ ወዴት እንደ ሄደ ቢጠይቃቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው ዝም አሉት።